780 ኪሎ ሜትር ለ90 ደቂቃ፦ የተጓዥ ደጋፊዎች ሳይንስ

መቐለን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚፈጀው ደግሞ 90 ደቂቃ ነው። ደርሶ መልሱን ስናሰላው፣ ቡድኑን ለማየት ከመቐለ አዲስ አበባ የሚወርድ ደጋፊ ለእያንዳንዷ የጨዋታ ደቂቃ ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል ማለት ነው። ይህ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የጨዋታውን ውጤት በሬዲዮ መስማት ይችል ነበር። በዚያ ላይ ጉዞው ገንዘብ ያስወጣል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ከሥራና ከትምህርት ያስቀራል፤ ቡድኑ ተሸንፎ የመመለስ ዕድልም አለ። ታዲያ ምን ያስጉዘዋል?

ጥያቄው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ላለፉት በርካታ ዐሥርት ዓመታት የሥነ ልቡና፣ የሕክምና፣ የፊዚክስና የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንት የስፖርት ደጋፊን ቤተ ሙከራ ውስጥ አስገብተው መርምረውታል። ያገኙት መልስ ስለ ኳስ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ሰው ልጅ የሚነግረን ይበልጣል። ከተማችን መቐለ ደግሞ ይህ ጥናት ከመጽሐፍ ወጥቶ በኑሮ ከታየባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

ጎሕ ሲቀድ የሚነሣው አውቶቡስ

እስቲ ውድ አንባቢ፣ በሐሳብ አብረን እንሣፈር። አውቶቡሱ ከመቐለ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ከኋላ ወንበር ከበሮ አለ፤ ዘፈኑ ገና ከተማው ሳያልቅ ተጀምሯል። መንገዱ አምባ አላጌን ይወጣል፣ ማይጨውንና ኮረምን አልፎ በግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ አላማጣ ይወርዳል። ከዚያ ቆቦ፣ ወልድያ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሸዋ ሮቢት ይከተላሉ፤ በመጨረሻም የጣርማበር ዳገት ተወጥቶ ደብረ ብርሃን ይደረሳል።

በዚህ ጉዞ ጆሮው ድፍን ያላለበት መንገደኛ አይኖርም። ምክንያቱ ቀላል የፊዚክስ ሕግ ነው። ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው የአየር ክብደት ይቀንሳል። በሸዋ ሮቢት አካባቢ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 86 ከመቶ ያህል ሲሆን፣ ጣርማበር ላይ ወደ 70 ከመቶ ይወርዳል። በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ የጆሮ ታምቡር ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ይገፋል። ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ሲከፈት ግፊቱ ይስተካከላል፤ ቱቦውን የሚከፍተው ደግሞ መዋጥ፣ ማዛጋት ወይም ማኘክ ነው። ዳገት ቁልቁለቱን እየዘፈነ፣ በመሐል በመሐል ምራቁን እየዋጠና ቆሎ እየቆረጠመ የሚጓዝ ደጋፊ፣ ሳያውቀው መድኃኒቱን እየወሰደ ነው።

ጉዞው ግን ከጆሮ በላይ የሆነ ነገርም ይሠራል። አብረው የደከሙ፣ አንድ ዳቦ የተካፈሉ፣ አብረው የዘፈኑ ሰዎች አዲስ አበባ ሲደርሱ ጠዋት እንደነበሩት አይደሉም። ሲነሡ ለየብቻ የተሣፈሩ መንገደኞች ነበሩ፤ ሲደርሱ አንድ ወገን ሆነዋል።

ዋንጫው መቐለ የገባበት ዓመት

መቐለ ለፕሪሚየር ሊግ እንግዳ አይደለችም፤ ቀደም ባሉት ዓመታት ትራንስ ኢትዮጵያ ይወክላት ነበር። የቅርቡ ትውልድ የሚያስታውሰው ታሪክ ግን የጀመረው በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን፣ መቐለ ከተማ የተባለው ክለብ ወደ ሊጉ ሲገባ ነው። ክለቡ ብዙም ሳይቆይ ስሙን መቐለ 70 እንደርታ አለ፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ «ምዓም አናብስት» ይሉታል።

በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ክለቡ በአሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ እየተመራ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። አሠልጣኙ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጅማ አባ ጅፋርን ለተመሳሳይ ክብር አብቅተው ነበር። ክለቡ ወደ ሊጉ በገባ በሁለተኛ ዓመቱ ዋንጫ ማንሣቱ ለከተማዋ ያልተጠበቀ ደስታ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ኢትዮጵያን ወክሎ ተሰለፈ፤ ሆኖም በቅድመ ማጣሪያው በኢኳቶሪያል ጊኒው ካኖ ስፖርት ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ።

በእነዚያ ዓመታት ሊጉ በሜዳና ከሜዳ ውጪ ሥርዓት ይካሄድ ስለነበር የደጋፊው ጉዞ የዘወትር ነገር ነበር። ከዚህ ቀጥለን ተጓዡን ደጋፊ ሳይንሱ እንዴት እንደሚያየው እንመልከት።

አብረው የሚመቱ ልቦች

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ስለ ሃይማኖት አመጣጥ በሚናገር መጽሐፉ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው አንድ ዓይነት ድምፅ ሲያሰሙና አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲያደርጉ፣ ለብቻቸው ሊያገኙት የማይችሉት የስሜት ግለት ይሞላቸዋል። ዱርካይም ይህን ግለት የጋራ ፍልቅልቅታ ብሎ ሊጠራው ሞከረ። በጊዜው ይህን በመሣሪያ መለካት አይቻልም ነበር።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ተለካ። በስፔን ሳን ፔድሮ ማንሪኬ በተባለች መንደር ነዋሪዎች በየዓመቱ በሚያደርጉት ክብረ በዓል በፍም ላይ በባዶ እግር ይራመዳሉ። ተመራማሪዎች ለተራማጆቹም ለተመልካቾቹም የልብ ምት መለኪያ አሰሩላቸው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። በፍሙ ላይ የሚራመደው ሰውና ከዳር ቁጭ ብለው የሚያዩት ዘመዶቹና ወዳጆቹ የልብ ምታቸው በአንድ ሥርዓት ሲወጣና ሲወርድ ተገኘ። ተራማጁን የማያውቁት እንግዶች ግን በዚያው ስፍራ ተቀምጠው፣ ያንኑ ነገር እያዩ፣ ልባቸው ከእርሱ ጋር አልሄደም። ልብን ያገናኘው ዓይን ያየው ነገር ሳይሆን ዝምድናው ነበር።

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ቀዛፊዎችን ለብቻቸውና በቡድን አስቀዝፎ አነጻጸረ። የሥራው ጫና እኩል ሆኖ ሳለ በኅብረት የቀዘፉት ከቀዘፋው በኋላ ሕመምን የመቋቋም አቅማቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ ኢንዶርፊን የተባለው፣ አካላችን ራሱ የሚያመነጨው የሕመም ማስታገሻ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ። ከዚህ ተነሥተን ብንገምት፣ እየዘለሉና እያጨበጨቡ 90 ደቂቃ የሚቆሙ ደጋፊዎች የመንገዱ ድካም የማይሰማቸው ለምን እንደሆነ ፍንጭ እናገኛለን። ሬዲዮ ጎሉን ሊያሰማን ይችላል፤ ከጎናችን የሚዘልለውን ትከሻ ግን ሊሰጠን አይችልም።

መቶ ሰው በዐሥር ሺህ መካከል

ተጓዥ ደጋፊ ሁልጊዜ በቁጥር አናሳ ነው። መቶ ሰዎች ከዐሥር ሺህ የባለሜዳ ደጋፊዎች መካከል ቢቀመጡ ድምፃቸው ይሰማል? ጉዳዩ የሎጋሪዝም ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ነው።

የድምፅ መጠን የሚለካበት ዴሲቤል የተባለው መስፈርት በሎጋሪዝም የተሠራ ነው። የድምፅ ምንጮች ቁጥር በዐሥር እጥፍ ሲጨምር መጠኑ የሚጨምረው 10 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ በመቶና በዐሥር ሺህ ሰዎች ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት 20 ዴሲቤል ነው። ጆሯችን ደግሞ የ10 ዴሲቤል ጭማሪን የሚሰማው በግምት እጥፍ እንደሆነ አድርጎ ነው። እንግዲህ በቁጥር መቶ እጥፍ የሚበልጠው ሕዝብ ለጆሮ የሚጮኸው አራት እጥፍ ያህል ብቻ ነው! ባለሜዳው ዝም ባለበት ቅጽበት መቶው ሰው በአንድ ከበሮ ምት ከዘፈነ ስታዲየሙን ሊሞላው ይችላል። ተጓዥ ደጋፊዎች ይህን ያወቁት ከሒሳብ መምህር ሳይሆን ከልምድ ነው።

ብዙ ሺህ ሰዎች በስታዲየም ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ዘፈን ሲዘፍኑ ዜማው የሚዛባውስ ለምንድን ነው? ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሜዳው ማዶ፣ 200 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ጭብጨባውን የሚሰማው ከግማሽ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። በአንድ ጥግ የተሰበሰቡ ተጓዦች ግን ይህ ችግር የለባቸውም፤ ስለዚህ ዘፈናቸው ብዙ ጊዜ ከባለሜዳው ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ድምፁ ሜዳ ውስጥ ያሉትንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፣ ዳኞች የአንድን ጨዋታ ፊልም እያዩ ጥፋት መኖር አለመኖሩን እንዲወስኑ ተጠየቁ። ግማሾቹ የሕዝቡን ጩኸት እየሰሙ፣ ግማሾቹ ያለ ድምፅ አዩ። ጩኸቱን የሰሙት ዳኞች በባለሜዳው ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት በ15 ከመቶ ያህል ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአውሮፓ ጨዋታዎች በባዶ ስታዲየም ሲካሄዱም ባለሜዳ ቡድኖች የነበራቸው ብልጫ ቀንሶ ታይቷል። ሩቅ ተጉዞ የሚዘፍን ደጋፊ «ድምፄ ምን ይፈይዳል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ «ጥቂት፣ ግን የሚለካ ያህል» የሚል ይሆናል።

«አሸነፍን» እና «ተሸነፉ»

እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎችን ልብስ ቆጠሩ። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ቅዳሜ ካሸነፈ፣ ሰኞ ጠዋት የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘ ልብስ ለብሰው ወደ ክፍል የሚመጡት ተማሪዎች ይበዛሉ። በስልክ ስለ ውጤቱ ሲጠየቁም ካሸነፉ «አሸነፍን» ይላሉ፤ ከተሸነፉ ግን «ተሸነፉ» ማለት ይቀናቸዋል። በድል ጊዜ «እኛ»፣ በሽንፈት ጊዜ «እነሱ» ማለት ነው።

ደሙም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ብራዚልና ጣሊያን ሲገናኙ የሁለቱ ቡድኖች ወንድ ደጋፊዎች ምራቅ ተወስዶ ተመርምሮ ነበር። የአሸናፊው ቡድን ደጋፊዎች ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ሲጨምር፣ የተሸናፊዎቹ ቀነሰ። ሜዳ ያልገባ፣ ኳስ ያልነካ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሰውነቱ ግን ራሱ እንደተጋጠመ ቆጥሮታል።

ነገሩ አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ወቅት በጀርመን ሙኒክና አካባቢው የተደረገ ጥናት፣ የጀርመን ቡድን በተጫወተባቸው ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ያጋጠማቸው ሰዎች ቁጥር ከወትሮው 2.66 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። በወንዶች 3.26፣ በሴቶች 1.82 እጥፍ ነበር። ሕመሙ ይበልጥ የታየው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ሲሆን፣ ይበልጥ የተጎዱት ቀድሞም የልብ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። በዕድሜ የገፉ አባቶችና አጎቶች ያሏችሁ አንባብያን፣ መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ጨዋታ እንዳያዩ ብታስታውሷቸው መልካም ነው።

ከአሸናፊነት ጋር ብቻ የሚመጣና የሚሄድ ደጋፊ ለመሆን አውቶቡስ መሣፈር አያስፈልግም። ተጓዡ ግን ሲሸነፍም ያንኑ መንገድ ይመለሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ «ተሸነፉ» እያለ ሊመለስ አይችልም። ከልብስ ቆጠራው ውጤት የሚለየውም ይህ ይመስላል፦ ውድ ዋጋ የከፈለ ሰው በሽንፈትም «ተሸነፍን» ይላል።

የመስመሩ ሌላኛው ወገን

እስከ አሁን የተነጋገርነው ስለ ፍቅሩ ነው። ሐቀኛ ጽሑፍ ግን ሌላውንም ገጽታ ሊያልፈው አይችልም።

ሄንሪ ታጅፌል በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርኮ ተረፈ፤ ሲመለስ ግን ቤተሰቦቹ አልቀው ነበር። በኋላ በእንግሊዝ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሲሆን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለው፦ ሰው በሌላው ቡድን ላይ ለማዳላት ምን ያህል ምክንያት ያስፈልገዋል? በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ 14 እና 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሰበሰበና ለሥዕል ባላቸው ምርጫ ወይም የነጥቦችን ብዛት በመገመት ችሎታቸው ተከፋፍላችኋል ብሎ በሁለት ቡድን መደባቸው። በእውነቱ የተመደቡት በዕጣ ነበር። ልጆቹ ከዚያ በፊት ጠብ የላቸውም፤ በቡድናቸው ማን እንዳለም አያውቁም። ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ ሲጠየቁ ግን ለራሳቸው ቡድን አደሉ። አንዳንዶቹ የራሳቸው ቡድን የሚያገኘው ቢቀንስም እንኳ ከሌላው ቡድን ጋር ያለው ልዩነት እንዲሰፋ መረጡ።

ስም ብቻ ይህን ያህል ካደረገ፣ ስሙ ላይ ፖለቲካ፣ ወሬና ቂም ሲጨመርበት ምን ይሆናል? መልሱን በአገራችን አይተነዋል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ከወልድያና ከመቐለ ክለቦች ጨዋታ ጋር በተያያዘ በወልድያ ከተማ በተነሣ ሁከት የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ እንዲካሄዱ የተደረገበት ጊዜ ነበር። የደጋፊ አውቶቡስ የሚያልፍባቸው ከተሞች፣ ትናንት ቁርስ ይበላባቸው የነበሩት፣ የሥጋት ስሞች ሆኑ። ስታዲየም የማኅበረሰብ ቴርሞሜትር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ትኩሳቱን አስቀድሞ ያሳያል። ቴርሞሜትሩን መስበር ግን ትኩሳቱን አያወርድም።

የወደቀው ሯጭ

ሳይንስ እዚህ ላይ ቢያቆም ተስፋ አስቆራጭ ይሆን ነበር። ደግነቱ አላቆመም።

እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሌቪንና ባልደረቦቹ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆኑ ተማሪዎችን ጋበዙ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ስለ ክለባቸው ፍቅር መጠይቅ ሞሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሕንፃ ብቻቸውን እንዲሄዱ ተነገራቸው። በመንገዳቸው ላይ እየሮጠ የሚመጣ ሰው ተንሸራቶ ይወድቅና ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ያቃስታል። ሰውየው የተመራማሪዎቹ ተባባሪ ነበር። አንዳንዴ የማንቸስተር ዩናይትድ፣ አንዳንዴ የተቀናቃኙን የሊቨርፑል፣ አንዳንዴም ምንም ምልክት የሌለው ማሊያ ይለብሳል። የዩናይትድ ማሊያ ሲለብስ ከ13 ተማሪዎች 12ቱ ቆመው ረዱት፤ የሊቨርፑል ማሊያ ሲለብስ ግን ከ10 ተማሪዎች የረዱት 3 ብቻ ነበሩ።

የሙከራው ሁለተኛ ክፍል ይበልጥ አስገራሚ ነው። ተመራማሪዎቹ በሌሎች የዩናይትድ ደጋፊዎች ላይ ሙከራውን ደገሙት፤ የለወጡት መጠይቁን ብቻ ነው። አሁን የተጠየቁት ስለ ክለባቸው ሳይሆን የእግር ኳስ አፍቃሪ መሆን ስለሚያስገኘው ደስታ ነበር። ከዚያ በኋላ የሊቨርፑል ማሊያ የለበሰው ሰው ሲወድቅ የሚረዱት ከዩናይትድ ለባሹ ጋር የተቀራረቡ ሆኑ። ማሊያ ያልለበሰው ግን እንደ ቀድሞው ብዙም ረዳት አላገኘም። የወደቀው ሰው አልተለወጠም፤ ሕመሙም አልተለወጠም። የተለወጠው በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ «እኛ» የሚለው ቃል የሚያቅፈው ክልል ነበር፤ እሱም የተለወጠው በጥቂት ደቂቃ በሚሞላ ወረቀት ነው።

ይህን በሰፊው የሚያሳይ የራሳችን ታሪክም አለ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሱዳንን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመታት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ጥር 13 ቀን በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር ሲጋጠም፣ በደቡብ አፍሪካ በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ከጆሃንስበርግና ከሌሎች ከተሞች ተጉዘው ስታዲየሙን አደመቁት። ከየትኛው የአገሪቱ ማእዘን እንደመጡ ማሊያቸው አይናገርም ነበር። አዳነ ግርማ ባስቆጠረው ጎል ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። በዚያው ጨዋታ የኢትዮጵያ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ሲወጣ ያው ደጋፊ ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ወርውሮ ጨዋታውን አስቆመ። ሁለቱም ከአንድ ሕዝብ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የታዩ ናቸው። ግለቱ በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ እንደ እሳት ነው፣ ያበስላልም ያቃጥላልም።

ቡድኑ ሳይኖር ደጋፊ መሆን

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሊጉ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ሊጉ በዚያው ዓመት በጥቂት አስተናጋጅ ከተሞች ሲቀጥል መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ አልነበሩበትም። አውቶቡሱ የሚሄድበት መንገድ ተዘጋ፤ ስልክ ተቋረጠ። የዚያን ጊዜው ኀዘን ከኳስ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በኳስም አይለካም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን የመንገደኞች አውሮፕላን ወደ መቐለ በረራውን ቀጠለ። ሦስቱ ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊግ የተመለሱት ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው።

ክለቡን ለዓመታት ያጣ ደጋፊ በሌላም ዓለም አለ። በካናዳ ዊኒፔግ በምትባል፣ በክረምት ቅዝቃዜዋ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ከተማ፣ ሰዎች በበረዶ ላይ የሚጫወቱትን ሆኪ እኛ ኳስን እንደምንወደው ይወዳሉ። ክለባቸው ጄትስ እ.ኤ.አ. በ1996 በገንዘብ ምክንያት ወደ አሜሪካዋ ፊኒክስ ተዛወረ። ከተማዋ በከፍተኛው ሊግ ቡድን ሳይኖራት 15 ዓመት ቆየች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሌላ ቡድን ከአትላንታ ሲመጣ የድሮውን ስም መልሰው ሰጡት። የእነርሱ እጦት ምክንያቱ ገበያ ነበር፤ የእኛው ጦርነት ነው፤ ሁለቱን ማመሳሰል ተገቢ አይደለም። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ግን አለ፦ በሁለቱም ቦታ ክለቡ በሌለበት ደጋፊው አልጠፋም። ዝምድናው የሚኖረው በሜዳው ሣር ላይ ሳይሆን በሰዎቹ መካከል ነውና።

ክለቦቹ ሲመለሱ ያገኙት ሊግ የተዉት ሊግ አልነበረም። ጨዋታዎቹ እንደ ድሬዳዋ፣ አዳማና ሐዋሳ ባሉ አስተናጋጅ ከተሞች ይካሄዱ ነበር። ስለዚህ የመቐለው ደጋፊ በ2017 ዓ.ም. ቡድኑን በዓይኑ ለማየት ከፈለገ ምርጫው አንድ ብቻ ነበር፤ መጓዝ። ሁሉም ጨዋታ የሩቅ ጨዋታ፣ ሁሉም ደጋፊ ተጓዥ ደጋፊ ሆነ።

ለጉዞው የሚያዝ ስንቅ

በመግቢያችን «ምን ያስጉዘዋል?» ብለን ጠይቀን ነበር። አሁን መልሱን በአጭሩ ማስቀመጥ እንችላለን። ያስጉዘዋል፦ ከሌሎች ጋር በአንድነት የሚመታ ልብ፣ ድካምን የሚያስረሳ የኅብረት እንቅስቃሴ፣ በመቶ ሰው ስታዲየም የሚሞላ ዘፈን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እኛ» ለማለት ያለው ጥማት። ይህ ጥማት በሰው ልጅ ውስጥ ከኳስ በፊት ነበረ፤ ከኳስ በኋላም ይኖራል።

ነገር ግን ሳይንሱ የሚነግረን ሌላም አለ። «እኛ» የሚለው ቃል ድንበሩ በድንጋይ የተካበ አይደለም። በዕጣ የተመደቡ ልጆች ድንበር ፈጥረውለታል፤ አንድ ገጽ መጠይቅ ደግሞ ድንበሩን አስፍቶታል። የሚያሰፋውም የሚያጠብበውም በጉዞው ላይ የምንዘፍነው ዘፈን፣ የምናወራው ወሬ፣ አውቶቡሱ ቁርስ ለመብላት በቆመባቸው ከተሞች ከምናገኛቸው ሰዎች ጋር የምንለዋወጠው ሰላምታ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት በሚቀጥለው የውድድር ዘመን አንተም ወይም አንቺ ከዚያ አውቶቡስ ላይ ትገኙ ይሆናል። በአላማጣ ወይም በወልድያ፣ በደሴ ወይም በደብረ ብርሃን፣ የሌላ ቡድን ማሊያ የለበሰ ወጣት መንገድ ሲሻገር ተደናቅፎ ቢወድቅ፣ ላንካስተር ላይ የተደረገው ሙከራ በእናንተ ላይ ተደገመ ማለት ነው። መጠይቅ የሚያስሞላችሁ ተመራማሪ በዚያ አይኖርም። ምን ማሊያ እንደለበሰ ከማየታችሁ በፊት እጃችሁ ከተዘረጋ፣ 780 ኪሎ ሜትሩ በከንቱ አልተጓዘም።